ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ገባሽ ከተባልኩም የገባሁት መወልወያ ይዤ ነው። በዚህ ኮሌጅ ሃያ ስድስት ዓመት አጽድቻለሁ፤ አራት ዲን ሲመጣ አይቼ አራቱንም ሸኝቻለሁ። ፊደል የለየሁት ሰሌዳ ስደመስስ ነው። አንዷን ፊደል መርጬ ደህና አድርጌ አያትና አጠፋታለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም ለቀምኳቸው።

ስለዚህ ማንበብ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ በግራ ዓይኔ። ቀኙ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሞራ ለብሷል። በቀኝ በኩል የሚመጣ ሰው ለእኔ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ጥላ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከዋናው በር እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ ስልሳ አራት እርምጃ መሆኑን ቆጥሬ ይዣለሁ፤ የቀኙን ግድግዳ በመወልወያው እጀታ ነካ ነካ እያደረግሁ እሄዳለሁ። አለቃዬ፣ የጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እርጥብ ወለል ላይ አያቆይም። ባለፈው ዓመት አትክልተኛውን ጆሮህ ከብዷል ብሎ አሰናብቶታል። አትክልት ምን ይናገራል ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የልጄ ልጅ እዚሁ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆነች በነጻ ነው የምትማረው። እኔ ከወጣሁ እሷም ትወጣለች። እስክትመረቅ ዓመት ከመንፈቅ ይቀራታል፤ እንግዲህ ዓመት ከመንፈቅ ማየት አለብኝ ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

እናቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ እማዬ ነው የምትለኝ። ኮሌጁ ውስጥ ግን አንተዋወቅም። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። መጀመሪያ በገባችበት ቀን፣ «እዚያ ግቢ ውስጥ አንቺ ተማሪ ነሽ፣ እኔ ጽዳት ነኝ። ባልዲዬን ላግዝሽ ብትይ ዘወር በይ ነው የምልሽ» አልኳት። ትንሽ አኮረፈች፤ ከዚያ ለመደችው። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ደህና አደሩ እማማ» ትለኛለች፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ። ማታ ቤት ስንገባ በዚህ እንስቃለን።

በዚህ ዓመት አዲስ ትምህርት መጣ፤ ለኢንተርኔት መጻፍ ይባላል፤ የእኔዋም ተመዝግባለች። አስተማሪው የጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ ጋዜጣው የተዘጋበት ሰው ነው። ተማሪዎቹ ሰርዝ ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ምክንያቱም ምን ቢያነቡለት መልሱ አንድ ነው፦ «ሰርዝ።» ሴት ከሆነች «ሰርዢ።»

የመጀመሪያው ቀን መስኮት እየወለወልኩ ነበር። ወረቀት አደላቸው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ለኢንተርኔት መጻፍ መማር ያስፈልጋል? ለምን?

ቃል አቀባይ የሚሉት ልጅ ተነሣ። ማንም ሳይልከው ስለ ሁሉም የሚናገር ልጅ ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ እኔ እኮ ከጡጦ ቀጥሎ የያዝኩት ስልክ ነው። ይሄን ካስተማርከን ነገ ደግሞ መተንፈስ ልታስተምረን ነው?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ጎበዝ» አለው መምህሩ። «ስንት ሰው አንብቦህ ያውቃል?»

«ሦስት መቶ ተከታይ አለኝ።»

«ስንት ሰው አነበበህ ነው ያልኩት።»

«እንግዲህ… ይወዱታል።»

«ሳያነቡ?»

«ማንበብማ ማን ያነባል!» አለች ከኋላ ጥፍሯን ያስረዘመችው ልጅ። «ቪዲዮ ነው እንጂ አሁን።»

የእኔዋም አፏን ከፈተች። «ፎቶ ይበቃል። ጽሑፍ ሲበዛ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

ከክፍል ሲወጡ ጠረጴዛውን ልወለውል ገባሁ። መምህሩ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ይቆጥራል፤ እኔም በግራ ዓይኔ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ተማሪ ነው። ያስፈልጋል ያሉት አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ምክንያቱን ሲጽፍ «ለውጤት» ይላል፤ ሌላው «ክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ስላለው» ይላል። የእኔዋን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ ነው የማውቀው። «አያስፈልግም። ማንም የማያነበውን ነገር አሳምሮ መጻፍ ምን ይጠቅማል?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ልክ ነሽ ብያታለሁ።

ሰውየው ግን አንድ የራሱ አሠራር ነበረው። ማንም ጽሑፉን የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከማውጣቱ በፊት ነገሩን ለማያውቅ ሰው ያነብለታል። ሰሚው ዓረፍተ ነገሩ ያምር አያምር እንደሆነ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ? የማያውቅ ሰው ፍለጋ ኮሪደር ሲወጣ ደግሞ የሚያገኘው እኔን ነው።

«እማማ፣ እባክዎ አንዴ ገብተው ይቀመጡልኝ።»

«ወለሉ ይደርቅብኛል።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ተቀመጥኩ። ቃል አቀባይ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ቤተ መጻሕፍት መታወቂያ አወጣጥ የጻፈውን አነበበ። ዘመኑ የመረጃ ዘመን ስለመሆኑ፣ ዕውቀት ብርሃን ስለመሆኑ፣ ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ስለመሆኑ አነበበ። ጥሩ ድምፅ አለው። ሲጨርስ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?»

«ነገ ጠዋትማ ወለል አጥባለሁ» አልኩ። «ምን አድርጊ እንዳለኝ አልሰማሁም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቃል አቀባይ ቀላ።

«እማማ፣ ታዲያ እርስዎ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ እንዴ?»

«አልጠቀምም። አንተም መታወቂያ የሚወጣበትን ክፍል ቁጥር አልነገርከኝም፤ እኩል ነን።»

«ሰርዝ» አለው መምህሩ።

እንዲህ እያሉ ሁለት ወር ከረሙ። ብዙዎቹ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዙት። እኔ ስቀመጥ ይሳሳቃሉ፣ ስነሣ ይረሱታል።

አንድ ሐሙስ መምህሩ ከሆስፒታል አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ከሌላ ከተማ የዓይን ሐኪም ሊመጣ ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የዓይን ሞራ በነጻ ያነሣል፤ በቀን ለአሥራ አምስት ሰው። ሆስፒታሉ ማስታወቂያውን ለኢንተርኔት የሚጽፍለት አጥቶ ኮሌጁን ለምኗል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ነጻ የምትለዋን ቃልና ሞራ የምትለዋን ቃል አንድ ላይ ስሰማ መወልወያዬን አቁሜ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«አርብ ረቂቁን እናነባለን፣ እንፈትሻለን፣ ከዚያ ይወጣል» አላቸው።

አርብ ግን መምህሩ አልነበረም። ዲኑ ጠርቶት ነበር፤ ተማሪ የማይፈልገውን ትምህርት ለምን እናቆየዋለን የሚል ስብሰባ። ልጆቹ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ያን ቀን ላይኛው ፎቅ ስለነበርኩ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። አንደኛዋ ልጅ «ለእማማ እናንብብላቸው» ስትል ቃል አቀባይ «ለሁለት መስመር ማስታወቂያ ፎቅ ልንወጣ ነው? ደግሞስ ማን ያነበዋል?» አለ። የእኔዋ ደግሞ ሥዕል ሠርታ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ በላዩ የወርቅ ቀለም ፊደል፣ በጥግ በኩል የምትስቅ ዓይን። ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ረጅም ረጅሙን ሁሉ፣ ይህን ይዛችሁ ኑ፣ ያን አታድርጉ የሚለውን ሁሉ፣ በወርቅ ፊደል ሥዕሉ ውስጥ ጻፈችው። ከሥዕሉ በላይ ነጻ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚል መስመር ብቻ አስቀመጡና በሆስፒታሉ ገጽ ለቀቁት። ሁሉም አጨበጨበላት አሉ።

እኔ ስለ ዓይኔ ለእሷ አልነገርኳትምና እሷን መጠየቅ አልቻልኩም። ቅዳሜ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አላት።

«የሆስፒታሉን ማስታወቂያ አንብቢልኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለጎረቤት።»

«ጎረቤትሽ እኔ ነኝ። እኔ ዓይኔ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ለሌላ ጎረቤት። አንቺ ታነቢልኛለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ?»

መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና አነበበች። ነጻ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት።

«በቃ?»

«በቃ። ከሥሩ አንድ አልከፈት ያለ ግራጫ ነገር አለ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ይሆናል።»

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ እግሬን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እግር ቢታመም አያሰናብትም። ቁርሴን ደህና አድርጌ በላሁ፣ ንጹሕ ነጠላዬን ለበስኩና ሄድኩ። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ነርሷ ወጣት ናት፣ ትሕትና ያላት።

«እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«ሳልበላ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

«የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ወረቀትዎስ?»

«የምን ወረቀት?»

«ከጤና ጣቢያ የሚያመጡት። ሲጨርሱ ወደ ቤት የሚወስድዎ ሰው አብሮዎት መጥቷል?»

«እግሬ መጥቷል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ገጹ ላይ ተጽፏል እኮ። ዛሬ አይሆንም።»

ከአሥራ ዘጠኙ ያለፉት አራት ናቸው። የቀረነው ወይ በልተናል፣ ወይ ወረቀት የለንም፣ ወይ ብቻችንን ነን። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ከተማ ልጃቸው ስልክ ላይ አይቶ የላካቸው ናቸው፤ የአውቶቡስ ትኬታቸውን ለነርሷ ያሳዩአታል፣ ትኬቱ የምርመራ ወረቀት ይሆን ይመስል። ሐኪሙ በሩ ላይ ወጥቶ አየን። አሥራ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቶበት ነበር። ተመልሶ ገባ።

እኔ ወደ ቤት አልሄድኩም። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገብቼ «ስልክሽን ለግማሽ ቀን» አልኳት። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር በዓመት አንዴ አይገኝባትም።

ያለ ባልዲ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነው።

«ይህን የሆስፒታል ነገር ማን ነው የጻፈው?»

ቃል አቀባይ ተነሣ፤ መቼም ልማዱ ነው።

«ሁላችንም ነን እማማ። ምነው?»

«አትብሉ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ሥዕሉ ላይ አለ።»

«ወረቀት ይዛችሁ ኑ የሚለውስ?»

«እሱም ሥዕሉ ላይ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «በል ሥዕሉን አሳየኝ።»

ተሰበሰቡ። ከመስመሩ ሥር ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። አንዱ «ኔትወርኩ ደክሞ ነው» አለ። አንዷ «ስልኩ አሮጌ ነው፣ ከባድ ፎቶ አይከፍትም» አለች።

«አዎ፣ አሮጌ ነው» አልኩ። «ዛሬ እዚያ የተሰለፈው ሁሉ ስልኩ አሮጌ ነው። ከስልኩም ይልቅ ራሱ። ዓይኑ ለማያይ ሰው ሥዕል ሠራችሁለት። ከአሥራ ዘጠኝ አራት ገባ፤ ሌላው በልቶ መጣ ተብሎ እንደ ሌባ ተመለሰ።»

ጥፍሯን ያስረዘመችው ልጅ ልትስቅ ብላ ተወችው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ለማን አነበባችሁት?» አለ።

ቃል አቀባይ ተመልሶ ተቀመጠ።

የእኔዋ ከወንበሯ አልተነሣችም ነበር። አሁን ተነሣች። «እማማ፣ እርስዎ ታዲያ… ሆስፒታል ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

ለእሷ መዋሸት እችል ነበር፤ ለጎረቤት ማለት ለምጃለሁ። ግን ከአንድ ክፍል ሰው ፊት ቆሜ እግሬን አሞኛል የምል ሰው አይደለሁም፤ ለአለቃ ብቻ ነው።

«የዓይኔን ሞራ ሊያነሡልኝ» አልኩ። «ቀኙ አያይም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እማዬ!» አለች።

ሃያ አንዱም ዞሮ አያት፤ ከዚያ እኔን። ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ የደበቅነው ዝምድና በአንዲት ቃል ወጣ። ቃል አቀባይ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይወጣው።

መምህሩ አንድ ወንበር ስቦ መሐል አስቀመጠልኝ። የሆስፒታሉን ወረቀት ለልጆቹ መለሰላቸውና ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሲያነቡልኝ «ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተገቢውን ዝግጅት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?»

«ልብሴን አጥቤ እጠባበቃለሁ፤ ዝግጅት አይደል ያላችሁት።»

«ሰርዙ።»

ሁለተኛው ላይ ስለ ባዶ ሆድ አሉ፤ መድኃኒቴን ልዋጥ አልዋጥ አልነገሩኝም። ሆስፒታል ደውለው ጠየቁ። ሦስተኛው ላይ ሰው ይዘው ይምጡ አሉ፤ ለምን እንደሆነ ካልነገራችሁኝ አላመጣም፣ ሰው ማስቸገር አልወድም አልኳቸው። የእኔዋ አንገቷን አቀርቅራ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። አንዴም ሥዕል አላለችም። አራተኛው እንዲህ የሚል ነበር፦

ቁርስ አይብሉ። ውሃና የየዕለት መድኃኒትዎን መውሰድ ይችላሉ።
አስቀድመው ከጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ወረቀት ያምጡ። ወረቀት የሌለው አይታከምም።
ዓይንዎ ስለሚሸፈን ብቻዎን ወደ ቤት መመለስ አይችሉም። አንድ ሰው ይዘው ይምጡ።
ቀኑ ረቡዕ ያበቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በሆስፒታሉ የኋላ በር።

«ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?»

«ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ልብስ ሰፊዋ ስልክ ላይ ከፍተው አዩት፤ እያንዳንዱ ፊደል ወጣ።

ከመልቀቃቸው በፊት የእኔዋ ቧንቧው ጋ ጠራችኝ። ተቆጥታኝ እንደሆነ አዝና እንደሆነ አልለየሁም፤ የቆመችው በቀኜ ነበር።

«እማዬ፣ ነገ ማታ ቢለቀቅስ?»

«ለምን?»

«የጤና ጣቢያው ወረቀት ነገ ከሰዓት ነው የሚሰጥሽ። አንቺ የምትሄጂው ረቡዕ ነው። ዛሬ ከለቀቅነው ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ነገ ማታ ከሆነ ግን ወረቀት የሚያወጣበት ጊዜ አይኖረውም። አንቺ ትገቢያለሽ።»

ብልጥ ናት። ከእኔ ነው የወሰደችው።

«ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አልኳት። «ማንም አያነበውም ስትይ የከረምሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም? በወረቀት ጽፈሽ አንብቤዋለሁ። ይልቅ አሁኑኑ ልቀቂው፣ ሰዎቹ ይጠብቁሻል።»

ለሰው አዝኜ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። ግን ደግነት አልነበረም። እኔም እንደ እነሱ ማንም አያነበውም ብዬ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለቀቁት።

ማክሰኞ ደም ሰጥቼ ወረቀቴን ያዝኩ። ስኳር የለብኝም፤ ግፊቴም ደህና ነው፤ ምላስዎ ነው የሚያስቸግረው አለችኝ መርማሪዋ። ረቡዕ የእኔዋ ገና ሳይነጋ ካልሄድን አለች። እኔ ኮሪደሩን ሳላጥብ አልወጣም አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ቆሻሻ ወለል ላይ አስረግጬ አላውቅም፤ ለአንድ ዓይን ብዬ አልጀምርም። ደግሞ ማን ይቀድመናል፤ ሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር፣ ከዚያም ቢሆን ግማሹ በልቶ ይመጣል። ኮሪደሩን ስጨርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ።

ሆስፒታሉ የኋላ በር ስንደርስ ሰልፉ ግንቡን ዞሮ ነበር።

ሠላሳ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ሁሉም ወረቀት ይዟል። ሁሉም አጠገቡ ሰው አለ፤ ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት። ሰኞ ትኬታቸውን ያሳዩት ሽማግሌ ሦስተኛ ቆመዋል። ከፊታችን አንድ ጎረምሳ አባቱን በክንድ ይዞ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ያነብላቸዋል፦

«"ዓይንዎ ስለሚሸፈን ብቻዎን ወደ ቤት መመለስ አይችሉም።" አየህ አባባ፣ አልኩህ እኮ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ማነው ይሄን ያለው?»

«ሆስፒታሉ ነዋ።»

የእኔዋ ክንዴን የያዘው እጇ ጠበቀ። ያ ዓረፍተ ነገር የእሷ ነው። ሦስቴ ሰርዛ ነው የጻፈችው። ልጁ እንደገና አነበበው፤ አባትየው ደግሞ በቃላቸው ይዘው ለሚቀጥለው ሰው ነገሩት። እሷ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮሪደር ላይ ሲያመሰግኗት እንኳ እንዲህ አላየኋትም። ያመሰገናት ደግሞ አልነበረም።

ነርሷ ዝርዝር ይዛ ወጣች። የሰኞው ባዶ ስለቀረ ሐኪሙ ዛሬ ሃያ ሰው ሊያይ ተስማምቷል አለች። መቁጠር ጀመረች። እኔ ጋ ስትደርስ ሃያ ሦስት አለች።

«ሃያ ላይ ነው የምንቆርጠው እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኛ ነን የጻፍነው…» አለች የእኔዋ።

«ዝም በይ» አልኳት።

«እማዬ ግን…»

«ዝም በይ አልኩሽ። ሃያ አንደኛዋም ሃያ ሁለተኛውም ቆመዋል፤ እነሱን ምን ልትያቸው ነው?»

ነርሷ ነገሩ አልገባትም። ሐኪሙ የሚመለሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ የቀራችሁትን በተራችሁ እመዘግባለሁ አለች። መዘገበች። ሦስተኛ ነኝ።

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኳን አወጣች። ሰልፉ ግንቡ ሥር እንደቆመ፣ ከኋላችን ገና ሰው እየመጣ፣ በአውራ ጣቷ ጻፈች። ሳታየኝ አነበበችልኝ፦

«"የዛሬው ቦታ ሞልቷል። ከቤት አይውጡ።" ነገ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከቤት አልወጣም» አልኳት። ለቀቀችው። ከዚያ አለቀሰች።

ከዚህ በኋላ ብዙ የሚወራ የለም። አለቃዬ እስከ ዛሬ ስለ ዓይኔ አልሰማም። ሃያ ሁለት ተማሪ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ የሚውል፣ የበላውን የጠጣውን ለዓለም የሚናገር፣ ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣውም። ከኢንተርኔቱ ሁሉ የገረመኝ ይህ ነው።

በሳምንቱ መምህሩ ያንኑ ወረቀት እንደገና አደለ፤ ዲኑ ነው ያዘዘው። ጠረጴዛውን ስወለውል ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ያስፈልጋል ይላል፤ ስምንት አያስፈልግም። ጥፍሯን ያስረዘመችው ልጅ «ያስፈልጋል፣ ግን ያደክማል» ብላለች። ቃል አቀባይ «አያስፈልግም። አሁንማ ችለናል» ይላል። አየር ማቀዝቀዣውን የወደደው ልጅ አሁንም አየር ማቀዝቀዣውን ይወዳል። ዲኑ አሥራ ሦስት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ነው እያለ ገና እየመከረበት ነው።

የእኔዋ ወረቀት ባዶ ነበር። ጀርባውን ገልበጥ ሳደርገው ግን ሙሉ ነው፤ የተሰረዘው ከተጻፈው ይበልጣል።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ መጣች። ባልዲዬን ገልብጣ ተቀመጠችበት፤ ሰው ሲያልፍም አልተነሣችም። እኔም ዘወር በይ አላልኳትም።

«እማዬ፣ ይሄ ለሚቀጥለው ነው፤ ስሚኝማ። "ሐኪሙ የሚመለሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ከባለፈው የተመዘገቡ ቀድመው ይታያሉ። የምርመራ ወረቀት ከሳምንት በላይ የቆየ አይሠራም፤ አሁን አያውጡ።"» ቀና አለች። «ነገ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ?»

«ነገ ጠዋትማ ወለል አጥባለሁ» አልኳት። «ሰባት ወር አለ አልሽኝ እኮ።»

«ገብቶሻል ማለት ነው» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ተነሥታ መወልወያውን ከእጄ ወሰደች፤ በቀኜ በኩል ዘልዬው ያለፍኩትን ቦታ መወልወል ጀመረች። የዘለልኩት ቦታ እንዳለ እንኳ አላየሁም ነበር።